ወፏ በጥር ምን በላች? ፌስቡክን ጠይቁ፤ ግን ሁሉን አትመኑ

አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ አዲስ አበባን ረግጦ ሳያውቅ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የለጠፍነውን የምግብ ፎቶ ብቻ እየሰበሰበ «የአዲስ አበባ ሰው ምን ይበላል?» የሚል ጥናት ቢጽፍ ምን ያገኛል? ዶሮ ወጥ። ክትፎ። ኬክ፣ ኬክ፣ አሁንም ኬክ። በጾም ሰሞን ደግሞ ቀለሙ የተዥጎረጎረ በያይነቱ። ሽሮ ግን የለም ማለት ይቻላል። ማክሰኞ ማታ ደክሞት ቤቱ ገብቶ የትናንቱን ሽሮ አሙቆ የበላ ሰው ፎቶ አያነሳም፤ ቢያነሳም አይለጥፍም። ሰውየው አንድም ውሸት አልጻፈም። ያያቸው ፎቶዎች በሙሉ እውነተኛ ናቸው። መደምደሚያው ግን ገደል ገባ።

ይህን ያነሳሁት ስለ እኛ ገበታ ላወራ ፈልጌ አይደለም፤ ጉዳዬ የባሕር ወፎች ናቸው። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በኖርዌይና በዴንማርክ መካከል ባለው ሰሜን ባሕር ላይ ኑሯቸውን በዓሣ የመሠረቱ ወፎች አሉ። ፓፊን፣ ጊልሞት፣ ሬዘርቢል ይባላሉ። የአማርኛ ስም የላቸውም፤ እኔም ስም ላወጣላቸው አልዳዳም። እነዚህ ወፎች በብርዱ ወራት ምን እንደሚበሉ የሰው ልጅ የሚያውቀው ከሚገባው በታች ነው። ተራ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጥፏቸው ፎቶዎች ይህን ክፍተት ሊደፍኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አለ። ኢኮኖሚክስ ነው ያጠናሁት፣ ስለ ወፍ ብዙም አላውቅም ነበር፤ ሐሳቡን ስሰማ ግን ወዲያው ገዛኝ። ርካሽ ነው፣ ወፍ አይገድልም፣ ቀድሞ ተሰብስቦ የተቀመጠ መረጃ ነው። ሽሮዋን እስካልረሳን ድረስ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። «ክረምት» የሚለውን ቃል እዚህ አልጠቀምም፤ እኛ ዘንድ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ነው። የማወራው ስለ ፈረንጆቹ የብርድ ወራት ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው፣ እኛ በጋ የምንለው ጊዜ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ፓፊንን በፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስሙን ባያውቀው እንኳ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩ ብርቱካናማና የተኳለ፣ አጭርና ድቡልቡል ወፍ ነው። በምንቃሩ ውስጥ ትንንሽ ዓሦችን በአግድም ደርድሮ እንደ ጢም አንጠልጥሎ የሚታየው እሱ ነው። ያ ፎቶ ግን የሞቃቱ ወራት ፎቶ ነው። ዓሣውን አንጠልጥሎ የሚበረው ጎጆ ውስጥ ለሚጠብቀው ጫጩት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ወፉ ራሱ ምን እንደሚበላ ያ ፎቶ አይነግረንም። እናት ለልጇ የያዘችውን እንጂ እሷ ገበያ ላይ ቆማ የቀማመሰችውን አላየንም።

ጫጩቶቹ ሲያድጉ ወፎቹ ገደሉን ለቀው ወደ ባሕር ይበተናሉ። ፓፊን የብርዱን ወራት ከየብስ ርቆ ያሳልፋል፤ ያ የሚያምረው የምንቃሩ ቀለም እንኳ ተገፎ ይወድቃል። ጊልሞት ከመቶ ሜትር በላይ ጠልቆ ማደን ይችላል፤ ያገኛትን ትንሽ ዓሣ ብዙ ጊዜ እዚያው ውሃ ውስጥ ይውጣታል። የሚመግበው ጫጩት የለም፣ አንጠልጥሎ የሚበርበት ምክንያት የለም። በሞቃቱ ወራት ተመራማሪው ገደል አፋፍ ላይ መነጽሩንና ደብተሩን ይዞ ተቀምጦ «ይሄኛው ይህን ይዞ መጣ» እያለ ይመዘግብ ነበር። በጥር የት ይቀመጥ?

ታዲያ እስካሁን በምን ይታወቅ ነበር? ድሮ ድሮ ወፉን በጠመንጃ መትቶ ጨጓራውን መክፈት ነበር መንገዱ። ዛሬ ይህን ለማድረግ የሚደፍር ብዙ የለም፤ ቢኖርም ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል አይሆንለትም። ሌላው ሞቶ ማዕበል ወደ ዳርቻ የተፋውን ወፍ መክፈት ነው። ይሄኛው ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ የሚነገረን ችግር ነው። በረሃብ የሞተን ወፍ ጨጓራ ከፍተህ «ወፎች ምን ይበላሉ?» ብትል መልሱ «ምንም» ይሆናል። የከሰሩ ሱቆችን ብቻ ጠይቆ ስለ ንግድ መጻፍ ማለት ነው። ከላባ ወይም ከደም ናሙና የሚወሰድ የኬሚካል ምርመራም አለ፤ ወፉ በምግብ ሰንሰለቱ የትኛው ደረጃ ላይ ያለ ነገር እንደበላ ይጠቁማል፣ የዓሣውን ስም ግን አይናገርም። ከኩስ የሚወሰድ የዲኤንኤ ምርመራ ደግሞ ስሙን ይናገራል፤ ዓሣው ጣት አከለ ወይስ ክንድ አከለ ብትሉት መልስ የለውም። በዚያ ላይ መሐል ባሕር ላይ የተበተነ ወፍ ኩስ ማን ይለቅማል?

«እና ቢታወቅስ ባይታወቅስ? ወፍ ናት፣ ያገኘችውን ትብላ» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ቤቴ ውስጥም አለ። መልሱ ገንዘብ ነው።

ሳንዲል የሚባል ቀጭን፣ እንደ እርሳስ የረዘመ ትንሽ ዓሣ አለ። ሰው ብዙም አይበላውም። በመርከብ በገፍ ይጠመድና ተፈጭቶ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ይሆናል፤ ዱቄቱ ደግሞ በእርባታ ላይ ላለ ሳልመንና ለአሳማ መኖ ይውላል። ከሰሜን ባሕር ሳንዲል አብዛኛውን የሚያጠምዱት የዴንማርክ መርከቦች ናቸው። ይኸው ዓሣ ግን ፓፊን ጫጩቱን የሚያሳድግበት ዋና ስንቅ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ በመጋቢት 2024 በሰሜን ባሕር ባለው የእንግሊዝ የውሃ ክልልና በመላው የስኮትላንድ ውሃ ሳንዲል ማጥመድ ተከለከለ። ከተሰጡት ምክንያቶች ትልቁ የባሕር ወፎች ናቸው። ኅብረቱ ተቆጣ። ጉዳዩ ሄግ ለሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩ በኋላ በንግድ ስምምነታቸው መሠረት እንዲህ ባለ ችሎት ሲካሰሱ የመጀመሪያው ነበር። ግንቦት 2025 መግቢያ ላይ ውሳኔው ወጣ፤ ችሎቱ ክልከላው በጊዜው በነበረው ምርጥ ሳይንስ ላይ የተመሠረተ ነው አለ፣ የስኮትላንዱን ሙሉ በሙሉ አጸደቀ፣ የእንግሊዙን ውሳኔ ደግሞ ጥቅምና ጉዳቱን በማመዛዘን በኩል ጉድለት አገኘበት። ክልከላው ግን አልተነሳም።

አያችሁ? ሁለት ትልልቅ ኢኮኖሚዎች፣ ጠበቃና ፕሮፌሰር አሰልፈው፣ አንድ ወፍ ምን ይበላል በሚለው ጥያቄ ላይ ተሟገቱ። የአንድ የዴንማርክ ወደብ ዓሣ አጥማጅ የወር ደመወዝ፣ የአንድ የመኖ ፋብሪካ ትርፍ፣ የአንድ ደሴት ፓፊኖች ዕጣ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ብርዱ ወራት ስንመለስ እኔን የሚቆረቁረኝ ነገር ይመጣል። ሳንዲል ከመጸው መጀመሪያ አንስቶ እስከ ጸደይ ድረስ አብዛኛውን ጊዜውን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚያሳልፈው፤ ብቅ የሚለው በብርዱ መሐል ለመራባት ነው። ያ ሁሉ ክርክር የተደረገበት ዓሣ፣ ወፉ በጣም በሚራብበት ወቅት በአብዛኛው ገበያ ላይ የለም ማለት ነው። ታዲያ ወፎቹ ምን እየበሉ ነው መጋቢት የሚደርሱት? ስፕራት የሚባለው ትንሽ ዓሣ ይጠቀሳል፣ ሄሪንግ ይጠቀሳል፣ የኮድ ዘሮች ግልገሎችም ይጠቀሳሉ። ስፕራትም በበኩሉ ይጠመዳል፣ እሱም ዱቄት ይሆናል። የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሴንቲ ሜትር የሆነውን? እዚህ ላይ ሲደረስ መረጃው ይሳሳል። የሐምሌን ማሳ አይቶ የጥርን ጎተራ መገመት ነው።

ግምቱ ሲሳሳት ደግሞ ዋጋው ይታያል። በየካቲት 1983 በብሪታንያ ምሥራቃዊ ዳርቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች፣ በብዛት ሬዘርቢሎች፣ ሞተው ተገኙ። ከ2013 ወደ 2014 በተሻገረው የብርድ ወቅት ማዕበል በማዕበል ላይ ተደራርቦ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በብሪታንያ የአትላንቲክ ዳርቻዎች ከ50 ሺህ በላይ የባሕር ወፎች ተተፉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፓፊኖች ነበሩ። የባሕር ወፍ ረጅም ዕድሜ የሚኖር፣ በዓመት ብዙ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥል ፍጥረት ነው። አንድ ክፉ የጫጩት ዘመን ቢያልፈው ይችለዋል፤ ወላጆቹ ራሳቸው በብርድ ካለቁ ግን ኪሳራው ቶሎ አይሸፈንም። ካፒታሉ ነው የሚነካው።

ወደ ፎቶዎቹ እንሂድ። ሐሳቡ በሞቃቱ ወራት ተፈትኗል። በ2017 የብሪታንያ ንጉሣዊ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ለሕዝቡ አንድ ጥሪ አቀረበ፤ ዓሣ የያዘ ፓፊን ፎቶ ያነሳችሁ ላኩልን አለ። ተሳታፊዎቹን «ፓፋራዚ» ብሎ ሰየማቸው፤ ታዋቂ ሰው እያሳደደ ፎቶ ከሚያነሳው ፓፓራዚ ጋር አዛምዶ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት 602 ሰዎች 1,402 ፎቶዎች ላኩ። ጡረተኛ፣ ቱሪስት፣ ተማሪ፣ ማንም። ባለሙያዎቹ በፎቶው ላይ ዓሣው ምን እንደሆነ ይለያሉ፤ የወፉ ምንቃር መጠን ስለሚታወቅ እሱን እንደ ማስመሪያ ተጠቅመው የዓሣውን ርዝመት ይገምታሉ። የሰሜን ደሴቶቹ ፓፊኖች ከሌላው ያነሰ ዓሣ እየያዙ እንደሚመለሱ የሚያሳይ ሥዕል ወጣ። ለአንድ ጫጩት የእርሳስ ያህል ዓሣና የክብሪት እንጨት ያህል ዓሣ አንድ አይደሉም። በ2019 ደግሞ ማኅበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ በየቤታችሁ አልበምና ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የድሮ ፎቶ አምጡ አለ። እኔን ይሄ ነው ልቤን የነካኝ። ለትዝታ ብሎ ያስቀመጠው ፎቶ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሲነሳ።

ከብሪታንያ ውጭም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኔልሰን ማንዴላ በታሰሩባት በሮበን ደሴት፣ ተመራማሪዎች ራሳቸው ካሜራ ይዘው ወደ ጎጆዋ የምትመለስን ተርን የምትባል የባሕር ወፍ እያነሱ ከ24 ሺህ በላይ የታደኑ ነገሮችን መዝግበዋል። አንዷንም ወፍ ሳይነኩ። ከዚያው ከኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ማርሻል ኢግል የሚባለውን የአፍሪካ ንስር ምግብ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከለጠፏቸው ፎቶዎች ፈልጎ አጥንቷል። ወፍ ተመልካቾችና ጎብኚዎች ለራሳቸው ደስታ ያነሱት ነው፤ ጥናት ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም።

ስለዚህ የብርዱስ ወራት? አንድ እሑድ ጠዋት ወደብ ዳር ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ረጅም ሌንስ ይዞ የቆመ ሰው አስቡ። ወደቡ ውስጥ አንድ ጊልሞት ብቅ ትላለች፤ ምንቃሯ ውስጥ ዓሣ አለ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ማታ የሰፈሩ የወፍ አፍቃሪዎች ገጽ ላይ ይለጥፈዋል፤ 40 ላይክ ያገኛል፣ አንድ ሰው «ውብ!» ይላል፣ ከዚያ ይረሳል። በየወደቡ፣ በየወንዝ አፉ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። ፎቶዎቹ ተነስተዋል፤ የቀረው እነሱን መሰብሰብ፣ ባለቤቱን መጠየቅ፣ ቀንና ቦታ ማረጋገጥ፣ ዓሣውን መለየት ነው። ለአንድ የምርምር መርከብ የአንድ ቀን ነዳጅ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አወዳድሩት።

እሺ፣ አሁን ሽሮዋን እናምጣ።

መጀመሪያ፣ ወፏ ውሃ ውስጥ የዋጠችውን ማንም አላነሳም። ወደ ላይ ይዛው የምትወጣው ለመዋጥ ያስቸገራትን ነው፤ ትልቁን፣ ጠፍጣፋውን፣ እሾሃሙን። ግሬት ኖርዘርን ዳይቨር የሚባለው የብርድ ወራት እንግዳ ሸርጣን ሲይዝ ወደ ላይ አምጥቶ እግሮቹን እያራገፈ ነው የሚበላው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ለካሜራ የተመቸ ነው። ትንሿን ስፕራት ግን እዚያው ታች ጨርሷታል። ፎቶ ብቻ ብትቆጥሩ ወፉ የሚኖረው በሸርጣን ነው ትላላችሁ። የኛ ክትፎ ማለት ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ካሜራው ያለው ሰው ባለበት ነው። ወደብና ወንዝ አፍ፣ መኪና ማቆሚያ ያለበት፣ ፀሐይ የወጣበት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ። መሐል ባሕር ላይ ያለውን ፓፊን በጥር ያነሳ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ስለ ፓፊን የብርድ ወራት ምግብ ይህ ዘዴ ብዙ አይነግረንም፣ ይህን በግልጽ ማለት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማዕበል የሚነሳበት ቀን ነው። ወፎቹ የሚራቡት ያን ቀን ነው፤ ፎቶ አንሺው ግን ያን ቀን ቤቱ ሻይ እየጠጣ ነው። በጣም ማወቅ የምንፈልገው ቀን፣ ምንም ፎቶ የሌለበት ቀን ነው።

ሦስተኛው፣ አንዲት ታዋቂ ወፍ አንድ ወደብ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከሰነበተች 30 ሰው ያነሳታል። ሠላሳ ፎቶ ሠላሳ ወፍ አይደለም። ስፕራትና የሄሪንግ ግልገልም በፎቶ ላይ እንደ መንታ ናቸው፤ ባለሙያም ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ «ስለዚህ አይሆንም» የሚል መደምደሚያ ላይ አልደርስም። ሁሉም መረጃ ያዳላል፤ የሞተ ወፍ ጨጓራም ያዳላል፣ ገደል ላይ የተቀመጠው ተመራማሪም ያዳላል። የማዳላቱን አቅጣጫ ካወቅክ መረጃው ይጠቅምሃል። እኔ እንደማስበው ፎቶ «ከመቶው ስንት እጅ ስፕራት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ደካማ ምስክር ነው። «ከዚህ በፊት ያልነበረ ምን መጣ?» ለሚለው ግን ጎበዝ ምስክር ነው። ከ2004 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ባሕር አካባቢ ፓይፕፊሽ የሚባል፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነና አጥንት ብቻ የሆነ ዓሣ በድንገት በዝቶ ነበር። ወፎቹ እያነሱ ለጫጩቶቻቸው ያመጡት ጀመር፤ ጫጩቶቹ መዋጥ አቅቷቸው ጎጆው ዙሪያ ተዝረክርኮ ይገኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በካሜራ ፊት አይደበቅም፤ አንሺውም «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይለጥፈዋል። እንግዳ ዓሣ በብርዱ ወራት አንድ ዳርቻ ላይ ቢመጣ፣ ከየትኛውም የምርምር መርከብ ቀድሞ የሚያየው ያ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ነው። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወደብ፣ በተመሳሳይ ሰዎች የሚነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ማዳላቱም ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥምና ለውጥን ማየት ይቻላል።

ስለ ላይክም አንድ ነገር ልበል። ላይክ ዋጋ ነው። ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ አቅርቦቱ ይጨምራል፤ አንዳንዴ በመጥፎ መንገድ። «ዓሣ የያዘ ወፍ ይፈለጋል» ከተባለ በጀልባ ተጠግቶ የሚያስደነብር አይጠፋም። በብርዱ ወራት የምትኖረው በለት ጉርስ የሆነች ወፍ አንድ ጊዜ ያለምክንያት ስትጠልቅ የምታወጣው ጉልበት ከየት ይተካል? ስለዚህ ጥሪ የሚያቀርብ ሁሉ «ከሩቅ ያልተነሳ አንቀበልም» ማለት አለበት። ቀድሞ የተነሳውን መሰብሰብ አዲስ ከማስነሳት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር የበሩ ቁልፍ ጉዳይ ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰውዬ ነው፣ ወፏ የማንም አይደለችም፣ መጋዘኑ ግን የኩባንያ ነው። ትዊተር በ2023 መጀመሪያ ተመራማሪዎች በነጻ መረጃ የሚያወጡበትን መንገድ ዘጋ፣ ለገንዘብ አደረገው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ክራውድታንግል የሚባለውን፣ በይፋ የተለጠፈን ነገር መፈለጊያ መሣሪያ በነሐሴ 2024 አጠፋው። በዚያ ላይ እነዚህ መድረኮች ፎቶ ስትለጥፍ ካሜራው በውስጡ የጻፈውን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ለሚያወርደው ሰው አያስቀሩለትም። ለግል ደኅንነት ጥሩ ነው፤ የቤትህን አድራሻ ማንም እንዳያገኝ። ለሳይንስ ግን ፎቶውን ምስክርነቱን ገፎ ነው የሚያስቀረው። መቼና የት እንደሆነ የማይታወቅ ወፍ ቆንጆ ሥዕል ነው እንጂ መረጃ አይደለም። አይናቹራሊስትና ኢበርድ የሚባሉት መድረኮች ፎቶውን ከቀንና ከቦታ ጋር ስለሚያስቀምጡ ለዚህ ሥራ በጣም ይሻላሉ፤ ችግሩ ብዙው ሰው የሚውለው እዚያ ሳይሆን ፌስቡክ ላይ መሆኑ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የራሴን ስልክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሐዋሳ ከጓደኞቼ ጋር የሄድን ጊዜ አሞራ ገደል የተነሳነው ፎቶ አለ። ያን ቦታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየገፈፉ ሆድ ዕቃውን ይወረውራሉ፣ አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ ይጠብቃል፣ እኛ ደግሞ ከአባ ኮዳ ጋር ሰልፊ እንነሳለን። ከጀርባችን፣ ጥግ ላይ፣ ክንፉ የጠቆረ ነጭ ወፍ አለ፤ ጋል ነው። ምንቃሩ ላይ አንዳች ነገር ተንጠልጥሏል። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በበጋ የሚመጡ የጋል ዓይነቶች አሉ፤ ከእነሱም መካከል እስከ ፊንላንድና ሩሲያ ድረስ ሄደው የሚራቡ ይገኙባቸዋል። ለነሱ የብርድ ወራት ማረፊያቸው እኛ ነን። የሰሜን ባሕሩ ጥያቄ ድንገት ሐዋሳ ላይ፣ ከኔ ትከሻ በስተጀርባ ተገኘ።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የዓሣ አንጀት ነው፣ ዓሣ አጥማጁ የወረወረው። እና ወዲያው ሽሮዋ ትዝ አለችኝ። ሐዋሳ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያነሳው አሞራ ገደል ላይ ነው። በፎቶ ብቻ ከሆነ የሐዋሳ ጋል የሚኖረው በተወረወረ አንጀት ነው። እዚያ ማዶ፣ ሐይቁ መሐል፣ ማንም ሳያየው ምን እንደሚይዝ ግን ፎቶ የለንም።

ቀኑን ልፈልግ ብል የለም። ፎቶው በቴሌግራም ነው የተላከልኝ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ቴሌግራም ጨምቆ፣ ውስጡ ያለውን መረጃ አራግፎ ነው የሚያደርሰው። እንደ ፋይል ቢላክ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ያነሳችንን ጓደኛዬን ደወልኩላት።

«ያን የሐዋሳውን ፎቶ መቼ ነበር ያነሳሽን?»

«ኧረ እኔ እንጃ! ለምን ፈለግከው?»

«ከጀርባችን ያለው ወፍ ምን እየበላ እንደሆነ አይቼ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። «አንተ ደሞ! ቆይ፣ ዋናው እኔ ስልክ ላይ አለ።» ትንሽ ቆይታ በፋይል ላከችልኝ። ጥር 12፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20፤ ቦታው ከነነጥቡ አለ። የጥምቀት ማግስት ነበር፤ ሐዋሳ በሰው ተሞልታ፣ ዓሣ ገበያው ከወትሮው የደራበት። ይሄም አንድ ማዳላት ነው። አይናቹራሊስት ላይ አካውንት ከፍቼ፣ የኛን ፊት ቆርጬ፣ ወፏን ብቻ ከነቀኗ አስገብቻታለሁ። ማስታወሻው ላይ «ዓሣ ገበያ አጠገብ፣ የበዓል ማግስት» ብዬ ጽፌያለሁ።